ስለ ደም ካንሰራችሁ ስታወሩ እነዚህን ተዉ

ሲኤምኤል አለብሽ ከተባልኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሙሉ ስሙ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ የሆነ የደም ካንሰር ነው። በዓመት ከ100 ሺህ ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢይዝ ነው። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ቢጤ አይገኝም። የምናወራው በቀጠሮ ቀን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ወሬው በጣም ረድቶኛል። አንዳንዱን ስሰማ ግን ደሜ ይፈላል፤ ያውም ይሄ ደሜ።

«ትቼው ዳንኩ» አትበሉ። አንድ ሰውዬ ኢማቲኒብ የሚባለውን የበሽታችንን ክኒን ጀምሮ በሦስት ወሩ ሲቢሲው፣ የደም ሴል ቆጠራው ማለት ነው፣ ተስተካከለ። ክኒኑን ተወና ጠበል ገባ። ከዚያ መጥቶ «ይኸው፣ ቆሜ እየሄድኩ ነው!» አለን። ሁለት ሴቶች ሰምተውት እነሱም ተዉ። አንዷ ከመንፈቅ በኋላ ስትመጣ ጣፊያዋ አብጦ ቀሚሷ አልዘጋ ብሏት በመርፌ ቁልፍ አያይዛው ነበር። ሰውዬውም ተመልሶ መጥቷል። ያን ቀን ግን ጥግ ይዞ ተቀመጠ እንጂ አላወራም። ጠበል አትጠጡ አላልኩም፤ እኔም እጠጣለሁ። ግን ሲቢሲ ጥሩ ሆነ ማለት በሽታው ሄደ ማለት አይደለም። መኖር አለመኖሩ የሚታየው ቢሲአር-ኤቢኤል በሚባለው ምርመራ ነው። ከዓመታት በኋላ ሐኪም አቁም የሚለው ሰው አለ፤ እሱም ቢሆን እየተመረመረ ነው። በራሳችሁ ያቆማችሁ ካላችሁ፣ ስታወሩ መጨረሻውንም ጨምሩበት።

«የኔ ነጭ ደም 280 ሺህ ነበር፣ ያንተስ?» ሎተሪ ነው እንዴ?

«ምን በድዬ ነው?» ብላችሁም አትጀምሩ። ሴል ውስጥ የዘር መረጃ ከሚይዙት 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋወጡ፣ በቃ። ከወላጅ አልወረሳችሁትም፣ ለልጅም አታወርሱትም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት። አንዲት ልጅ የመጀመሪያ ቀጠሮዋ ነው፤ የተላጠ ብርቱካን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ደግ የሆንኩ መስሎኝ ማስመለሱን፣ ሌሊት ባቴን ቀስፎ የሚይዘኝን፣ የዐይኔን ማበጥ ዘረገፍኩላት። ብርቱካኑን ሳትቀምሰው ፌስታል ውስጥ መለሰችው። ክኒኑን ለመጀመር ሦስት ሳምንት ፈራች። ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በባዶ ሆድ አትውሰጂው፤ ብዪና በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ዋጪው። እኔን ራሴን በጾም ሲያስመልሰኝ የከረመው ጠዋት በባዶ ሆድ ስለምውጠው ነበር። ሐኪሜን ጠይቄ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከበላሁ በኋላ አደረግኩት። የዐይኔ ማበጥ ግን አለቀቀኝም። ጎረቤቴ ዛሬም «ምነው፣ አልቅሰሽ ነው?» ትለኛለች።

የሌላ ሰው ታሪክ የእናንተ አይደለም። ስሙን ባትጠሩም «ያ የባንክ ሠራተኛው» ካላችሁ ጠርታችሁታል።

ለቤተሰብ ስትነግሩ ደግሞ «ደም ካንሰር» ብላችሁ ትንፋሽ አትውሰዱ። እኔ ወሰድኩ። እናቴ እዚያው ፊቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። በቁሜ ለቅሶዬን ልትቀመጥ! ክኒኑ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳለ፣ በየቀኑ እየዋጡ ብዙ ዓመት የሚኖሩ እንዳሉ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ ነጠላዋን አስተካከለችና ተቆጣችኝ።

«ታዲያ እንደ ስኳር ነው አትዪኝም ነበር?»