ሃርድ ዲስኩ ያለ እረፍት ሲሠራ ምክንያቱን ለይቶ ማወቂያ መንገድ

ምንም ፕሮግራም ሳይከፈት የሃርድ ዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም የሚል፣ አንድ ፋይል ለመክፈትም ረጅም ጊዜ የሚወስድ ከሆነ፣ ብዙዎች የዊንዶውስን አገልግሎቶች በግምት እያጠፉ መሞከር ይጀምራሉ። ይህ ሳይመረመሩ መድኃኒት እንደ መዋጥ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ዲስኩን የያዘው ማን እንደሆነ መለየት ይገባል።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና «ዲስክ» የሚለውን ዐምድ ራስጌ ይጫኑ፤ ዲስኩን አብዝተው የሚጠቀሙት ፕሮግራሞች ከላይ ይሰለፋሉ። እዚህ የሚታየው ግን የፕሮግራሙ ስም ብቻ ነው። የትኛው ፋይል እየተነበበና እየተጻፈ እንዳለ ለማየት ከስታርት ሜኑ ሪሶርስ ሞኒተርን ፈልገው «ዲስክ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ፤ ምርመራው በእውነት የሚጀምረው ከዚህ ገጽ ነው።

ከላይ የሚገኘው የዊንዶውስ አፕዴት፣ የዲፌንደር ቫይረስ ፍተሻ ወይም ፋይሎችን ለፍለጋ የሚመዘግበው ሰርች ኢንዴክሰር ከሆነ፣ በተለይም ኮምፒውተሩ ለሳምንታት ጠፍቶ ከቆየ፣ ቻርጀሩ ላይ ሰክተው ሥራውን እስኪጨርስ ይተዉት። በመሃል ቢያጠፉት የቀረውን ሥራ ሲበራ ይቀጥላል፤ ዲፌንደርን መዝጋት ደግሞ ፈጽሞ አይመከርም።

«ሲስተም» የተባለው ሂደት ፔጅፋይል የሚባለውን ፋይል ደጋግሞ ሲያነብና ሲጽፍ ካዩ፣ ችግሩ የዲስኩ ሳይሆን የራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ማኅደረ ትውስታ) ማነስ ነው፤ ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስኩ ያወርዳል፣ ሲፈለግም መልሶ ያነሣዋል። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ በርካታ የብራውዘር ገጾችን ከፍቶ መሥራት ብቻ ለዚህ ይበቃል። ፔጅፋይሉን ማጥፋት ፕሮግራሞች በድንገት እንዲዘጉ ስለሚያደርግ መፍትሔ አይሆንም፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች መቀነስና ቢቻል ራም መጨመር ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ሌላው ሁኔታ ነው። በታስክ ማናጀር «ፐርፎርማንስ» ገጽ ላይ ዲስኩ 100 በመቶ ሥራ በዝቶበት እያለ የሚተላለፈው መረጃ በሴኮንድ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ብቻ ከሆነ፣ አማካይ የምላሽ ጊዜውን ይመልከቱ። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሴኮንድ ገደማ ስለሚበቃው፣ ብዙ ሥራ ሳይኖርበት ምላሹ በተደጋጋሚ ከ1000 ሚሊሴኮንድ የሚያልፍ ከሆነ ዲስኩ፣ አለበለዚያም ገመዱ፣ መጎዳቱን መጠርጠር ተገቢ ነው። በዚህ ጊዜ የዊንዶውስን የዲስክ መጠገኛ ለማስኬድ አይቸኩሉ፤ ሙሉ ፍተሻው እያንዳንዱን የዲስኩን ክፍል ስለሚያነብ የተዳከመውን ዲስክ ይበልጥ ሊጎዳው ይችላል። በመጀመሪያ ፎቶዎችንና ሰነዶችን ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ፣ ከዚያም የዲስኩን ጤንነት እንደ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ባለ ፕሮግራም ይመርምሩ፤ ማስጠንቀቂያ ካሳየም ዲስኩን በኤስ ኤስ ዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ዲስክ) ይቀይሩት።