የታሪክ ክፍል ውይይት እንዴት ይመራል? የውጫሌ ውልን ይዘን

«ጥያቄ ያለው?» እንላለን፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ይህን ጸጥታ ለረጅም ጊዜ «አላነበቡም» ብዬ አልፌው ነበር። ቆይቶ የገባኝ ግን ጉድለቱ ከእኔ ጥያቄ እንደነበረ ነው። ተማሪ ጣቱን የሚያሳርፍበት ነገር ከሌለው ምን ይናገር?

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አጭር ሰነድ ፈልጉ። እኔ የምጀምረው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በኢጣልያ መካከል በተፈረመው የውጫሌ ውል ነው። ውሉ 20 አንቀጾች አሉት፤ የማድለው ግን አንቀጽ 17ንና አንቀጽ 19ን ብቻ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣልያንኛው ቅጂ ግን እንዲህ ለማድረግ ተስማምተዋል ይላል፤ በአንዱ ፈቃድ የሆነው በሌላው ግዴታ ይመስላል። አንቀጽ 19 ደግሞ ሁለቱም ቅጂዎች እኩል የታመኑ መሆናቸውን ይደነግጋል። ሁለቱን ቅጂዎች፣ የጣልያንኛውን በትርጉም፣ ጎን ለጎን በአንድ ገጽ አባዙ።

ቀጥሎ ጥያቄውን ቅረጹ። «አንቀጽ 17 ምን ይላል?» ብትሉ አንዱ አንብቦ ይመልስና ነገሩ ያልቃል። «ልዩነቱ የአስተርጓሚ ስህተት ነው ወይስ ታስቦበት የተደረገ? ይህን ለመወሰን ምን ማስረጃ ያስፈልጋችኋል?» ስትሉ ግን ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ማስረጃ መጠየቅ ሲጀምሩ ሁለተኛውን ወረቀት አውጡ፦ ኢጣልያ በጥቅምት 1882 አንቀጹን ለአውሮፓ መንግሥታት ማስታወቋ፤ አፄ ምኒልክ ንግሣቸውን ለማብሠር ለጻፉት ደብዳቤ ከእንግሊዝ የመጣው፣ ጉዳዩ በኢጣልያ በኩል እንደሚሄድ የሚያመለክት መልስ፤ በ1885 ውሉን መሰረዛቸው። ስቬን ሩበንሰንና ካርሎ ጂግሊዮ የተባሉ የታሪክ ምሁራን በዚሁ አንቀጽ ላይ መከራከራቸውን ግን እስከ መጨረሻው አትንገሯቸው። ቀድመው ከሰሙ የአንዱን ሐሳብ ይዘው ይቀመጣሉ።

ከዚያ 3 ደቂቃ ዝም ብለው ይጻፉ፣ ቀጥሎም ከጎናቸው ካለው ተማሪ ጋር ይነጋገሩ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ተማሪ ዝም የሚለው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን እንግሊዝኛው ያሳፍረኛል ብሎ ነው። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲነጋገሩ በሚመቻቸው ቋንቋ ያውሩ። ወንበሩ ከወለል ጋር የተያያዘ ከሆነ የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ይዙር፤ ይበቃል።

ጥያቄውን እንደገና ለመላው ክፍል ስታቀርቡት በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ከባዱ ሥራ ይኸው ነው። አንዱ ሲመልስም «ጎበዝ!» ለማለት አትቸኩሉ፤ ሌሎቹ መልሱ ተገኘ ብለው ይዘጋሉ። «የትኛው ቃል ላይ አገኘኸው?» በሉት፤ ቀጥሎ ሌላዋን «አንቺስ እዚያው ቃል ላይ ምን ታያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደሚያስፈራን ቦታ ደረስን። የምኒልክ ስም በተነሳበት ክፍል ውስጥ ከቤት የመጣ ትረካ አብሮ ይገባል። አንዱ «አገር ሸጧል» ይላል፣ ሌላው ተቆጥቶ ይነሳል። በዚህ ጊዜ «ፖለቲካ አናውራ» ብሎ መዝጋት በደል ይመስለኛል፤ ተማሪው ታሪክን የሚመዝንበት ሌላ ቦታ የት አለው? ሰሌዳውን ለሁለት ክፈሉት፦ «ሰነዱ የሚለው» እና «እኛ የምንፈርደው»። ከዚያ አንቀጽ 3ን አውጡ። አስመራን፣ ሰገነይትንና ሐላይን በኢጣልያ ወሰን ውስጥ የሚያስገባው እሱ ነው። ሁለቱም ወገን አንቀጹን አንብቦ ይመልስ፦ በ1881 ምኒልክ ምን ያውቁ ነበር? ምንስ አማራጭ ነበራቸው? የዓድዋን ድል የምናውቀው እኛ ነን፤ ፈራሚዎቹ ገና 7 ዓመት ይቀራቸው ነበር። አንድም ተማሪ ስለ ብሔረሰቡ ወክሎ እንዲናገር አትጠይቁ፤ የሚጠየቀው ስላነበበው ብቻ ነው። ስድብ ከተሰማ ግን ወዲያው አስቁሙ፣ ሐሳቡንም ያለ ስድቡ እንዲደግመው አድርጉ።

ማርክ በተናገሩበት ብዛት አትስጡ፤ አፈኛው ይጠቀማል፣ አስተዋዩ ይጎዳል። ይልቅ ክፍሉ ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው እያንዳንዱ በቁራጭ ወረቀት «ሐሳቤን ያጠናከረው ወይም የለወጠው ማስረጃ» ብሎ ሁለት መስመር ጽፎ ያስረክብ። ማታ አንብቧቸውና እርስ በርስ የሚቃረኑ ሁለቱን ምረጡ። የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ እነሱን ያለ ስም በማንበብ ጀምሩ።