አጥቂህን በውሰት ሲወስዱብህ እንዴት ትሆናለህ?

ባጃጄ ውስጥ፣ ከመቀመጫዬ ጀርባ፣ ተሳፋሪ ፊት ለፊት የሚያየው የማንቸስተር ዩናይትዱ አጥቂ የራስመስ ሆይሉንድ ፎቶ ተለጥፏል። ግማሹ ተፍቋል። የቀረው አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮና ከቀዩ ማሊያ ትከሻው ነው። እዚህ ደሴ ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር የምወስደው ሰው ሁሉ "ይሄ ማነው?" ይለኛል። መንገዱ አጭር ስለሆነ መልሱን አልጨርሰውም። እዚህ ልጨርሰው።

የፋቅኩት ነሐሴ 26 ቀን 2017 ማታ ነው። የዛን ማታ የእንግሊዝ የዝውውር መስኮት፣ ክለቦች ተጫዋች የሚገዙበትና የሚያዋውሱበት ጊዜ፣ በኛ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋ ነበር። ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብለን ኳስ ሳይኖር ስልክ እያየን ነው። ሆይሉንድ ወደ ናፖሊ፣ በውሰት። ግማሹ ቤት አጨበጨበ። ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ አልዋሽም። "የገዛንበትን 64 ሚሊዮን ፓውንድ በላብን!" ብዬ ጮህኩ። ከዛ ወጥቼ በስልክ መብራት በምላጭ መፋቅ ጀመርኩ። ዩናይትድን ከኔ በፊት ጀምሮ የሚደግፍ አንድ ጋሼ አለን። ከኋላዬ መጥቶ "ውሉን አይተኸዋል?" አለኝ። አላየሁትም። "ታዲያ ምን አስቸኮለህ?" ብሎ ጋቢውን ሰብስቦ ሄደ። ምላጩን ኪሴ ከተትኩ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር ይሄው ነው። በዜናው ማታ ምንም አታድርግ። ማሊያ አትስጥ፣ ፎቶ አትፋቅ፣ ቴሌግራም ላይ ረጅም ነገር አትጻፍ። ቤቲንግ ቤትም አትግባ፤ በንዴት የተቆረጠ ትኬት ሲያሸንፍ አይቼ አላውቅም። ወደ ቤትህ ሂድና ተኛ። የደሴ ብርድ እንደሆነ ንዴት ያበርዳል።

ጠዋት ስትነሳ የውሰቱን ዓይነት ጠይቅ። ውሰት ሁሉ አንድ አይደለም። ጎረቤት ወንፊት ስትዋስ ነፍታ ትመልሳለች፤ ይሄ ተራው ውሰት ነው። "ከተስማማኝ እገዛዋለሁ" ብላ ከወሰደች ደግሞ የመግዛት አማራጭ ይባላል። ሌላው የዩናይትድ አጥቂ ራሽፎርድ ባርሴሎና ሲሄድ እንደዛ ነበር። ሦስተኛው የመግዛት ግዴታ ነው። "እንዲህ ከሆነ ብሩን አመጣለሁ፣ ወንፊቱም አይመለስም።" የሆይሉንድ እዚህ ውስጥ ነው። እንደተዘገበው ናፖሊ ለውሰቱ 6 ሚሊዮን ዩሮ ከፈለ። ቻምፒየንስ ሊግ ከገባ ደግሞ 44 ሚሊዮን ጨምሮ ሊገዛው ተስማማ። ናፖሊ የጣልያን ሻምፒዮን ሆኖ ነው የወሰደው። ስለዚህ እኛ ያጨበጨብነው ለዕረፍት ለሚሄድ ልጅ አይደለም። ለስንብት ነው። ይሄን ጠዋት በስልክ ሳነብ ሆዴ ባባ።

አንድ ሌላ ነገርም እወቅ። ክለብ እንዳሻው ሰው እያዋሰ አይኖርም። ፊፋ ከ2022 ጀምሮ በአገር መካከል የሚደረገውን ውሰት ገድቧል። አሁን አንድ ክለብ በአንድ ጊዜ ከስድስት በላይ ተጫዋች ወደ ውጭ ማዋስ አይችልም። 21 ዓመትና ከዛ በታች ያሉት፣ ክለቡ ራሱ ያሳደጋቸው፣ ከቁጥሩ አይገቡም። ውሰቱም ከአንድ ዓመት አይበልጥም። የተዋሰ ክለብ ደግሞ መልሶ ለሌላ ማዋስ አይችልም። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ "ለምን ሁሉንም አያውሷቸውም?" የሚል ሰው አይጠፋም። ይሄን ንገረው።

ቀጥሎ የሚመጣው ከባዱ ነው። ልጁን ከመስደብህ በፊት የደረሰውን ኳስ ቁጠር።

እኔ በክብሪት እንጨት ነው የምቆጥረው። አጥቂው ሳጥን ውስጥ ሆኖ ለእግሩ ወይም ለጭንቅላቱ የሚሆን ኳስ በመጣለት ቁጥር አንድ እንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ከሳተ አንዱን እሰብረዋለሁ። አምና ይሄን የጀመርኩት ለብሽሽቅ ነበር፤ ስንት እንደሚስት ለአርሴዎች ላሳይ ብዬ። ከዕለታት አንድ ማታ አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ ጠረጴዛው ላይ አንድ እንጨት ብቻ ነበር። እሱም አልተሰበረም፤ በረኛው ነው ያወጣው። አርሴናል የሚደግፈው ጓደኛዬ አንዱን እንጨት አንስቶ ጥርሱን ጎረጎረበት። የዛን ቀን ግን እኔ የምር ማሰብ ጀመርኩ።

ይቅርታ፣ ስለ በሬ ላውራ።

አባቴ ኩታበር ነው የሚያርሰው። ልጅ ሆኜ አንድ በሬ ብቻ ነበረን፤ ጎረቤታችንም አንድ ነበረው። ቅንጃ ገቡ። ሁለቱን እየጠመዱ አንድ ቀን ለኛ፣ አንድ ቀን ለሱ። የኛ በሬ ግን አላርስም አለ። ፈር መሃል ይተኛል። ጅራፍ አይሰማም። አባቴ "ይሄ ሰነፍ፣ ለሥጋ ነው የተፈጠረው" እያለ ይረግመዋል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ለአጎቴ በውሰት ሰጠው። በሳምንቱ አባቴና እኔ በአጎቴ ማሳ በኩል ስናልፍ በሬው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይጎትታል። ቆመን አየን። አጎቴ የጠመደው በቀኝ ነው። እኛ ደግሞ የጎረቤታችን በሬ ቀኙን ስለያዘ ሁሌ በግራ ነበር የምንጠምደው። ለካ የቀኝ በሬ ነበር! አባቴ ምንም አልተናገረም። ማታ እራቱን ሳይበላ ተኛ።

ሆይሉንድን ሳስብ ይሄ በሬ ትዝ ይለኛል። ልጁ ሲመጣ ገና 20 ዓመቱ ነበር። የሚወደው ሜዳ ሲከፈትለት ከተከላካይ ጀርባ መሮጥ ነው። እኛ ግን ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ፣ ሁለት ተከላካይ ትከሻው ላይ ተጭኖት፣ ረጅም ኳስ እንዲያበርድ ነበር የምንጠብቅበት። በመጀመሪያው ዓመት የመጀመሪያ የሊግ ጎሉን ያገባው በ15ኛ ጨዋታው፣ በፈረንጆች ገና ማግስት አስቶን ቪላ ላይ ነው። ከዛ ግን ያንን ጨምሮ ተከታትሎ በስድስት የሊግ ጨዋታ ሰባት ጎል አገባ። ያኔ ነው ፎቶውን ያሠራሁት። በሁለተኛው ዓመት ድርቁ መጣ። 21 ጨዋታ ያለ ጎል። መጋቢት ላይ ሌስተር ላይ ሲያገባ የኛ ቤት ሰው የጮኸው ዋንጫ እንደበላ ነው። ዓመቱን በአራት የሊግ ጎል ጨረሰ። አራት! ለዘጠኝ ቁጥር፣ ለዋናው አጥቂ፣ ይሄ ትንሽ ነው፣ አልከራከርም። አንዳንዱን ራሱ ነው የሳተው። የተሰበሩ እንጨቶችም አሉኝ። ግን ጥፋቱን ሁሉ በሬው ላይ አትጫን ነው የምልህ።

ከዚህ በኋላ የድሮውን ማስታወስ ጥሩ ነው። ለብሽሽቅም ስንቅ ይሆንሃል።

ሪያል ማድሪድ ብራዚላዊውን ሮናልዶን ካመጣ በኋላ አጥቂው ሞሪየንቴስ ቦታ አጣና ለሞናኮ በውሰት ተሰጠ። መጋቢት 1996 በኛ አቆጣጠር፣ ቻምፒየንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ላይ ሁለቱ ተገናኙ። ማድሪድ በሜዳው 4 ለ 2 አሸነፈ። ሁለተኛዋን የሞናኮ ጎል ማን አገባ? ሞሪየንቴስ። መልሱ ላይ ሞናኮ 3 ለ 1 ሲያሸንፍም አንዱ የሱ ነው። ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ማድሪድ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ወደቀ። ልጁ በዘጠኝ ጎል የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ልብ በል፣ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የተዋሰ ተጫዋች ባለቤት ክለቡ ላይ መጫወት አይፈቀድለትም። በአውሮፓ ውድድር ግን ይፈቀዳል። ዕጣ ሲወጣ መጀመሪያ የምታየው እሱን ይሁን።

ሁሉም ግን እንደሞሪየንቴስ አይሆንም። ቼልሲ ቶሬስን በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ለሚላን ሲያውሰው፣ ጣልያን ውስጥ በ10 ጨዋታ አንድ ጎል ብቻ ነው ያገባው። በሬው ደክሞት ነበር። ፋልካኦ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። እኛ ጋ በውሰት መጥቶ አራት ጎል፣ ቀጥሎ ቼልሲ ሄዶ አንድ ጎል። ሁላችንም ቀበርነው። ሞናኮ ተመልሶ በ2016/17 በሁሉም ውድድር 30 ጎል አገባና የፈረንሳይን ሊግ በላ። የፋልካኦን ነገር ለምን እንደምወደው አላውቅም። ምናልባት እኔም ቀብሬው ስለነበር ይሆናል።

ስለ ብሽሽቅ ደግሞ። ይደረግ፣ ያለሱ ኳስ ምን ጣዕም አለው? ግን ልክ አለው። "ጎል ፖስቱን ያቅፈው" በል፣ "ከሱ የኛ ዘበኛ ይሻላል" በል። እናቱን አትንካ። ቆዳውንና ሃይማኖቱን አታንሳ። አንዴ አንድ ልጅ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ወርውሮ ጨዋታው በዛው ቆመ። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን አጠፋና "ወሎ ነው ያለኸው" አለው። ሌላ አልጨመረም። ልጁ ተነስቶ ይቅርታ ጠየቀ። ሰውም "አብሽር" ብሎ አስቀመጠው፤ ቴሌቪዥኑም በራ።

የተናደደ ጓደኛ ካለህ ቡና ላይ ጥራው። በአቦሉ ይሳደባል፤ ተወው። በቶናው አሠልጣኙን ይወቅሳል። በረካው ላይ ስትደርሱ ራሱ "ለነገሩ ልጁ ገና ነው" ይልሃል። ወላሂ፣ ከዚህ ሲዘል አላየሁም።

አሁን እሱን እንዴት እንደምትከታተል። የጣልያን ሊግ ዋናው የማታ ጨዋታ በኛ 3፡45 ነው። አውሮፓውያን ጥቅምት ላይ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 4፡45 ይሆናል። ለጠዋት ሠራተኛ ከባድ ነው። ዲኤስቲቪ ቤቱ በዛ ሰዓት ለአንድ ሰው ብሎ አይከፍትልህም። እኔ ስልኬ ላይ ውጤት ብቻ እከፍታለሁ። ጎሉን ጠዋት ተራ ስጠብቅ አያለሁ። እንጨት መቁጠር ቀርቷል።

መስከረም 3 ቀን፣ ቅዳሜ ማታ፣ የአዲስ ዓመቱ ዳቦ ገና ሳያልቅ፣ ናፖሊ ፊዮረንቲና ሜዳ ሄደ። የሆይሉንድ የመጀመሪያ ጨዋታ ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ስልኬን ይዣለሁ። ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስሙ ወጣ። ጎል! ባለቤቴ "ምን ሆንክ?" አለችኝ። "ልጃችን አገባ" አልኳት። "የማን ልጅ?" አለች። ናፖሊ 3 ለ 1 አሸነፈ።

በማግስቱ እሑድ 12፡30 ላይ ከሲቲ ጋር የማንቸስተር ደርቢ ነበር። 3 ለ 0 ተሸነፍን። አንድም ጎል የለንም። ቤቱ ፀጥ አለ። ነሐሴ 26 ያጨበጨብነው ሁላችንም እዛው ነበርን። አርሴናሉ ጓደኛዬ ከኪሱ የክብሪት ቀፎ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ምንም አላለም። ጋሼም ምንም አላለም፤ ጋቢው ውስጥ እየሳቀ እንደነበር ግን ትከሻው ያስታውቅ ነበር።

መስከረም 21 ደግሞ ቻምፒየንስ ሊግ ላይ ስፖርቲንግ ሊዝበንን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ሁለቱንም እሱ አገባ። ሁለቱንም ያቀበለው ዴ ብራይነ ነው። በቀኝ ተጠመደ ማለት ነው።

ከዛ ወዲህ አንድ ሁለት ተሳፋሪ "ወይ ጨርሰህ ፋቀው፣ ወይ ሌላ ለጥፍ" ብሎኛል። ፎቶ ቤቱ ጠይቄ ነበር፤ በናፖሊ ማሊያ ማሠራት ይቻላል ብለውኛል። ሰማያዊ ግን ባጃጄ ላይ አልለጥፍም። የኛ ሰፈር ሰው ሲቲ ሆነ ይለኛል። ግማሹ ዓይን ባለበት ይቆይ።