ሽንፈት የለመደ የኮሌጅ ቡድን እንዴት መልሶ ይገነባል?

ሐዋሳ ውስጥ ኳስ አላውቅም የሚል ሰው ብርቅ ነው። የከተማው ክለብ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ አንስቷል፤ ስለዚህ ሁሉም አሰልጣኝ ነው። የሚሸነፍ የኮሌጅ ቡድን ከተረከባችሁ የባጃጁ ሾፌርም የግቢው ጥበቃም አሰላለፍ ያወጣላችኋል። ምክራቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ "አጥቂ ፈልጉ!" አጥቂው ይቆይ። መጀመሪያ ኳስ በየት በኩል እየገባባችሁ እንደሆነ እወቁ።

ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ጨዋታዎች ብዙም ሳትነካኩ የተቆጠረባችሁን ግብ ሁሉ መዝግቡ። በስንተኛው ደቂቃ ገባ? ከማዕዘን ምት ነው፣ ከቅጣት ምት ነው ወይስ ከጨዋታ? ኳሱ የት ቦታ ተነጠቀ? የልጆቹን ስም ግን አትጻፉ። ደብተሩ የዶርም ወሬ የሆነ ቀን ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል። ግቦቹ የመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ላይ ከተከማቹ ልጆቹ ጉልበት እየጨረሱ ነው። ከቆመ ኳስ፣ ማለትም ከማዕዘን ወይም ከቅጣት ምት ከሆኑ ደስ ይበላችሁ፤ ከሁሉም ቀሎ የሚስተካከለው እሱ ነው።

ቀጥሎ ሰዓት ይከበር። ቀን ላይ የሐዋሳ ፀሐይ አይጣል ነው። ልምምዱን ጠዋት 12 ሰዓት ጀምሩና ልጆቹ ታጥበው ቁርስም ክፍልም ይድረሱ። ሕጉ አንድ ብቻ ይሁን፦ ያልተለማመደ አይሰለፍም፤ ኮከቡም ቢሆን። ማክሰኞ ተኝቶ የቀረ ልጅ ቅዳሜ ማሊያ ከለበሰ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ሜዳው ላይ ብቻችሁን ናችሁ። በሚድና በፋይናል ሳምንት ግን ልምምዱን ዝጉት። ተማሪ መሆናቸውን ከረሳችሁ ቤተሰብ ደውሎ ያስታውሳችኋል።

ማሟሟቂያውን አትናቁት። ሁለት ዙር ሮጦ እግር መዘርጋት አይበቃም። "ፊፋ 11 ፕላስ" የሚባለውን ተጠቀሙ። 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፤ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በቀላል ሩጫ ይጀምራል፣ ወደ ጥንካሬና ሚዛን ይገባል፣ በፈጣን ሩጫ ያልቃል። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ከተሠራ ጉዳት ይቀንሳል። ተጠባባቂ ለሌለው ቡድን ደግሞ አንድ የተጎዳ ጉልበት ማለት የተበላሸ ዓመት ነው።

አሁን ወደ ማዕዘን ምት። አብዛኛው የተማሪ ቡድን እዚህ ጋ ኳሱን ያያል እንጂ ሰው አያይም። አንድ ልጅ ቅርቡ ቋሚ ላይ ይቁም፤ ሌላ ከእሱ ፊት ለፊት፣ አጭር የተሻማውን የሚያወጣ። ሁለቱ ረጃጅሞች የተጋጣሚን ረጃጅሞች ይያዙ፣ ክንድ ለክንድ፣ ዓይናቸው ኳሱንም ሰውየውንም እንዲያይ ሰውነታቸውን ገለጥ አድርገው። በረኛው ከሁለት ቃል በላይ አይናገር፦ "የኔ!" ወይም "አውጡ!"። ኳሱ ሲወጣ ሥራው አላለቀም። ሁሉም ባንዴ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጫፍ ይሩጥ፤ ሁለተኛው ኳስ የሚመታው ከዚያ ነውና። በየሳምንቱ ሐሙስ አሥራ አምስት ጊዜ አሻሙባቸው። ይሰለቻቸዋል፤ ይሰልቻቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2011 ዓ.ም. የሕግ ለውጥ ወዲህ በረኛ የግብ ምት ሲመታ የራሱ ቡድን ተጫዋች እዚያው ክልሉ ውስጥ ሆኖ መቀበል ይችላል። ልጆቹ በቲቪ ያዩትን ከኋላ በአጭር ቅብብል መጀመር ይወዳሉ። ሜዳችሁ ጉርብጥብጥ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ አርቆ መምታት ነውር አይደለም። ይልቅ እጅ ውርወራ ላይ ከጨዋታ ውጪ እንደሌለ አስታውሷቸው። ነፃ ዕድል ነው፤ ብዙ ቡድን ግን ይረሳዋል።

ጾም ሲገባ ፕሮግራሙን ከልጆቹ ጋር ተነጋገሩበት። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስ፣ በረመዳን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሃ የማይጠጣ ተጫዋች ይኖራችኋል። ከባዱን ሩጫ ከዚያ በፊት ጨርሱት። በጾሙ ወቅት ልምምዱን አሳጥራችሁ አመሻሽ ላይ አድርጉት፤ ቆሞ የሚሠራውን፣ የማዕዘኑንና የቅጣት ምቱን አቀማመጥ አብዙበት። በሌላ ጊዜ ጠዋት በባዶ ሆድ ከመሮጥ አንድ ሙዝ ይሻላል።

የመጀመሪያ ግባችሁ ማሸነፍ አይሁን። ደብተሩ በጨዋታ ሦስት ግብ ካሳየ ወደ አንድ አውርዱት። ከሰፈር ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ያዙ፤ ዜሮ ለዜሮ ከወጣችሁ ሻይ ጋብዟቸው። የኋላው መከላከል ከጠበቀ በኋላ አጥቂውም ግፊቱ ቀልሎት ይረጋጋል። ብዙ ጊዜ ያ "የማይረባ" የተባለው ልጅ ራሱ ያገባል።

አዲስ ልጆች የምትመርጡት ፍሬሾች ሲገቡ ነው። ማስታወቂያ ለጥፉና በመቶ የሚቆጠር ሰው ቢመጣም አትደንግጡ። ግብ ላይ እያስመታችሁ አትምረጡ፤ ያ የሚያሳየው የእግር ጥንካሬን ብቻ ነው። አራት ለአራት በጠባብ ሜዳ አጫውቷቸው። ኳስ ሲነጠቅ እጁን ወገቡ ላይ የሚያደርገውንና ተመልሶ የሚሮጠውን ወዲያው ትለያላችሁ። ያልተመረጡትን ስልክ ቁጥር ያዙ፤ ታኅሣሥ ላይ ሁለት ተከላካይ ሲጎዳባችሁ ትደውሉላቸዋላችሁ።