በውጭ ጦር እጅ ያለ ሰፈር ላይ ሲደራደሩ የሚሰሩ ስህተቶች፦ ኬብሮንን እንይ

አብርሃም ሣራን የቀበረባት ኬብሮን ዛሬ ዌስት ባንክ ውስጥ ያለች ለሁለት የተከፈለች የፍልስጤም ከተማ ናት። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1997 እስራኤልና ፍልስጤም በፈረሙት ፕሮቶኮል 80 ፐርሰንት ገደማ የሚሆነው ኤች 1 ተብሎ ለፍልስጤም ፖሊስ ተሰጠ፣ አሮጌው ከተማና የአብርሃም መቃብር ያለበት ቀሪው ኤች 2 ደግሞ በእስራኤል ጦር ስር ቀረ። እዛ ድርድር ላይ የተሰሩ ስህተቶች እስካሁን ሰው እያሰቃዩ ስለሆነ አንድ ባንድ እንያቸው።

ትልቁ ስህተት መሳሪያውን ቆጥሮ የሰውን መንገድ በደፈናው መተው ነው። የኤች 1 ፖሊስ 400 ሰው፣ ሽጉጥ 200፣ ጠመንጃ 100 ተብሎ አንድም ሳይቀር ተጽፏል። ሹሃዳ ጎዳናስ? የከተማው ዋና የገበያ መንገድ ነበር፣ በ1994 አንድ እስራኤላዊ ሰፋሪ መስጊድ ውስጥ ሶላት ላይ የነበሩ 29 ፍልስጤማውያንን ሲገድል ጦሩ መንገዱን የዘጋው በሟቾቹ ወገኖች ላይ ነው፣ ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል። ከስምምነቱ በኋላ ይከፈታል ተብሎ አሜሪካ ለማደሻው ገንዘብ አወጣች፣ ሁለተኛው ኢንቲፋዳ የሚባለው የፍልስጤማውያን አመጽ በ2000 ሲነሳ ግን ጭራሽ ተዘጋ። አንዳንዱ ቤት የፊት በሩ በብየዳ ስለታሸገ ቤተሰቡ ዳቦ ለመግዛት እንኳ በጣራ ወይ በጓሮ ነው የሚወጣው። ስለዚህ "ይከፈታል" አይበቃም፣ ማን ይከፍታል፣ መቼ፣ ካልከፈተስ ምን ይደረጋል የሚለው እዛው ወረቀት ላይ መስፈር ነበረበት።

ሌላው ደግሞ ሲቪሉን ለአንዱ ፀጥታውን ለሌላው ሰጥቶ ስልጣን ተካፈልን ማለት ነው። ኤች 2 ውስጥ ትምህርት ቤቱ የፍልስጤም ነው፣ ግን አስተማሪዋ ኬላ ላይ ወታደር ካላሳለፋት ክፍል አትደርስም፣ ታዲያ ያ ትምህርት ቤት በማን እጅ ነው?

ጊዜ መግፋትም አለ። ሁለቱ ወገኖች ቀደም ብለው በ1995 በፈረሙት ስምምነት የእስራኤል ጦር እስከ ማርች 1996 ከአብዛኛው ከተማ መውጣት ነበረበት፣ እየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ላይ ቦምብ ፈነዳ፣ ቀኑ ተገፋ፣ በሜይ የእስራኤል ምርጫ ኔታንያሁ አሸነፈ፣ ያለቀው ነገር እንደገና ጠረጴዛ ላይ መጣና የአሜሪካው አደራዳሪ ዴኒስ ሮስ በሁለቱ መሀል ወራት ተመላለሰ።

የመጨረሻው ታዛቢውን በአንድ ወገን ፈቃድ ላይ ማንጠልጠል ነው። በኖርዌይ መሪነት የስድስት ሀገር ሰዎች መሳሪያ ሳይዙ በየመንገዱ እየዞሩ ያዩትን ይመዘግቡ ነበር፣ ሪፖርታቸው ግን ለህዝብ አይወጣም፣ ቆይታቸውም በየ6 ወሩ ካልታደሰ ያበቃል። ነዋሪው ቢያንስ የሚያይልን ሰው አለ ይል ነበር። በጃንዋሪ 2019 ግን ያው በ1997 የተስማማው ኔታንያሁ አላድስም አለ፣ ታዛቢዎቹም ከ20 ዓመት በላይ ከዞሩበት ሰፈር ወጡ።