ለጉዞ ስትከፍሉ ቢያንስ ቀብዱን በክሬዲት ካርድ

እንግሊዝ ገብታችሁ ሥራ ከተገኘ፣ የባንክ አካውንት ከተከፈተና ወረቀቱ ከተስተካከለ በኋላ የጉዞ ሐሳብ ይመጣል። ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት ደርሶ መምጣት፣ ወይም ልጆቹን ይዞ አንድ ሳምንት ስፔን ማረፍ። ለብዙዎቻችን ይህ በዓመቱ ውስጥ ትልቁ ክፍያ ነው። የምንከፍለውም ብዙ ጊዜ በካሽ ወይም ከባንክ ወደ ባንክ በማስተላለፍ ነው። ዕዳን እየፈራን ስላደግን ክሬዲት ካርድ ደስ አይለንም። ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን እዚህ አገር ክሬዲት ካርድ ሌላ ካርድ የሌለው ጥበቃ አለው፤ ያውም በሕግ የተጻፈ።

ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ ነው። ቁልፉ አንቀጽ 75 ሲሆን ሁሉም ሰው “ሴክሽን 75” ይለዋል። የገዛችሁት ነገር ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነና ከ30,000 ፓውንድ ካልበለጠ፣ ሻጩ ውሉን ሲያፈርስ ወይም አታሎ ሲሸጥላችሁ ካርዱን የሰጠው ባንክም ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ይሆናል። ሻጩ ቢከስርም ባንኩ አለ። የሻጩ ስም ትልቅ መሆኑ ብቻ አያድንም። ቶማስ ኩክ 178 ዓመት የኖረ የጉዞ ድርጅት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 ሲወድቅ ከእንግሊዝ የሄዱ 150,000 ያህል መንገደኞች ውጭ አገር ላይ ነበሩ።

“እኔ ገና አዲስ ነኝ፤ ካርዴ 300 ፓውንድ ብቻ ነው የሚይዘው” የምትሉ ትኖራላችሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዋናነት ለእናንተ ነው። ሕጉ የሚያየው የዕቃውን ዋጋ እንጂ በካርዱ የከፈላችሁትን መጠን አይደለም። የ900 ፓውንድ የጉዞ ጥቅል ስትገዙ የ100 ፓውንዱን ቀብድ በክሬዲት ካርድ፣ ቀሪውን 800 ለዚያው ሻጭ በዴቢት ካርድ ብትከፍሉ ጥበቃው ለ900ውም ይሠራል። ትንሽ ገደብ ያለው ካርድ ትልቅ ጉዞ ይሸፍናል ማለት ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን “ክፍያውን ለሁለት መክፈል ይቻላል?” ብላችሁ ጠይቁ። የካርዱን ሒሳብ ደግሞ በየወሩ ሙሉ በሙሉ ዝጉ። ለሙሉው ሒሳብ ዳይሬክት ዴቢት ካስገባችሁለት በራሱ ይከፈላል፤ ለግዢ ወለድ አይታሰብባችሁም። ከካርዱ ግን ካሽ አታውጡ። ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል፣ ባወጣችሁት ካሽ ለምትከፍሉትም ጥበቃው አይሠራም።

የእኛ ሰው በብዛት የሚቸገረው ኤጀንት ላይ ነው። ጥበቃው እንዲሠራ ገንዘቡን የተቀበለውና ከእናንተ ጋር ውል የገባው አንድ አካል መሆን አለበት። ትኬቱን ከአየር መንገዱ ድረ ገጽ በቀጥታ ብትገዙ ነገሩ ንጹሕ ነው። ገንዘቡን ለኤጀንት ከፍላችሁ ውሉ ከአየር መንገዱ ጋር ከሆነ ግን መሐል ላይ ሦስተኛ ሰው ገብቷል፤ ባንኩ “ሰንሰለቱ ተቋርጧል” ሊላችሁ ይችላል። ሰፈር ውስጥ የሚታወቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የምታገኙት የአገር ልጅ ቢሆንም ጥያቄው ያው ነው፦ ካርዴ ላይ የሚቆረጠው በማን ስም ነው? በረራ ያለበት ጥቅል የሚሸጥላችሁ ከሆነ ደግሞ የአቶል (ATOL) ሰርተፍኬት፣ ማለትም ሻጩ ቢከስር ገንዘባችሁን የሚጠብቅ የጉዞ ዋስትና፣ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን በእንግሊዝ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ ማጣራት ይቻላል።

“በካርድ ከሆነ 3 ፐርሰንት ይጨመራል” የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ። ለግል ካርድ ተጨማሪ ማስከፈል እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ የተከለከለ ነው።

በወንድም ወይም በጓደኛ ካርድ አስከፍሎ ካሹን በእጅ መስጠትም በመካከላችን የተለመደ ነው። ደግነት ነው፤ ግን ችግር ሲመጣ የመጠየቅ መብት ያለው የካርዱ ባለቤት ነው። ትኬቱ የእናንተ፣ ካርዱ የሌላ ሰው ሲሆን ባንኩ እምቢ የሚልበት ምክንያት ያገኛል። ርካሽ በረራ ላይም ተጠንቀቁ። 60 ፓውንድ የሆኑ አራት ትኬቶች ድምራቸው 240 ቢሆንም እያንዳንዱ ከ100 በታች ስለሆነ ሴክሽን 75 አይነካቸውም።

ለእነዚህ፣ እንዲሁም በሃይማኖታቸው ምክንያት ክሬዲት ካርድ ለማይዙ፣ ቻርጅባክ አለ፤ ባንካችሁ የከፈላችሁትን ከሻጩ ባንክ እንዲመለስ የሚጠይቅበት መንገድ ነው። በዴቢት ካርድም ይሠራል። የቪዛና የማስተርካርድ ደንብ እንጂ ሕግ ስላልሆነ ጥንካሬው ያንሳል። ጊዜውም አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 120 ቀን። ስለዚህ ችግሩ እንደታወቀ ለባንካችሁ ደውሉ።

ሐሳባችሁን ስለቀየራችሁ ወይም ስለታመማችሁ ብቻ ግን ባንኩ ገንዘብ አይመልስም። ለሕመም የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ከእንግሊዝ የሚነሳ በረራ ራሱ ከተሰረዘ ደግሞ አየር መንገዱ የየትም አገር ይሁን፣ ገንዘባችሁን ከመረጣችሁ በ7 ቀን ውስጥ መመለስ ግዴታው ነው። ካልመለሰ ወደ ባንኩ ትሄዳላችሁ።

ለባንኩ ስትጽፉ “ይህ የሴክሽን 75 ጥያቄ ነው” ብላችሁ በግልጽ ጀምሩ። ደረሰኙን፣ ውሉን፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አያይዙ፤ የዋትሳፕ መልእክትም ማስረጃ ነው። ባንኩ “መጀመሪያ ከሻጩ ጋር ጨርሱ” ቢላችሁ፣ በሕጉ እኩል ተጠያቂ መሆኑን በትሕትና አስታውሱት። አቤቱታ ካስገባችሁ በኋላ 8 ሳምንት አለው። ካልመለሰ ወይም መልሱ ካላረካችሁ በባንክና በደንበኛ መካከል ወደሚዳኘው ገለልተኛ ተቋም፣ ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ትሄዳላችሁ። የባንኩ የመጨረሻ መልስ ከደረሳችሁ በ6 ወር ውስጥ መሆን አለበት። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ጠበቃም አያስፈልገውም።