ፍሳሽ ማጣሪያው ሲሸት ባትሪውን ለኩ

ካዛንቺስ፣ ከአንድ ሕንፃ ጀርባ ያለች ትንሽ ፍሳሽ ማጣሪያ እከታተላለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር እየቆመች ስላስቸገረች ከመስመር ወጥታ በሶላር ብቻ ትሠራለች። ስልክ ሲደወልልኝ አቤቱታው ሁልጊዜ ስለ ሽታ ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገንዳው ሳይሆን ኤሌክትሪኩ ጋ ነው።

ጠዋት ጠዋት የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል

ምክንያቱ፦ ሌሊት ብሎወሩ (ገንዳው ውስጥ አየር የሚነፋው ማሽን) ቆሟል። ፍሳሹን የሚበሉት ባክቴሪያዎች አየር ይፈልጋሉ። አየሩ ለሰዓታት ሲቋረጥ ቦታቸውን ያለ አየር የሚኖሩት ይይዙታል። ያን የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚያመጡት እነሱ ናቸው። (ጋዙ መርዝ ነው፤ ሲበዛ አፍንጫ ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብላችሁ ገንዳ ውስጥ እንዳትገቡ።)

ለማረጋገጥ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሂዱ። ጭነቱን (ከባትሪው ኤሌክትሪክ የሚወስደውን ሁሉ) አጥፉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ባትሪውን ለኩ። ባለ 12 ቮልት ሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ 12.7 አካባቢ ያሳያል። ወደ 12 ከወረደ ከግማሽ በላይ ተበልቷል።

መፍትሄው፦ ባትሪ ለመግዛት አትሩጡ፤ መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። 1.1 ኪሎዋት የሚወስድ ብሎወር ከቀኑ 11 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ 17.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በታይመር በየሰዓቱ 15 ደቂቃ ብቻ ቢነፋ ወደ 4.4 ይወርዳል። ቀን ፀሐይ እያለ ደግሞ እንደ ልቡ ይንፋ።

ሌላም ጣጣ አለ። ሰው ሻወር የሚወስደው ጠዋትና ማታ ነው፤ ፀሐይ የምትበረታው እኩለ ቀን ላይ። ከማጣሪያው በፊት ማጠራቀሚያ ገንዳ ካላችሁ የጠዋቱን ፍሳሽ እዚያ ያዙት፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ቀስ እያላችሁ ልቀቁት። ለእኔ ከባትሪ ሁሉ ርካሹ ይሄ ነው።

ባትሪው ተቀየረ፣ አሁንም ሌሊት ይሞታል

የመኪና ባትሪ እንዳይሆን። ርካሽ ነው ተብሎ ይገዛል። የተሠራው ግን ለጥቂት ሰከንድ ሞተር ለማስነሳት ነው፤ በየሌሊቱ ሲራገፍ ቶሎ ይበላሻል። ለሶላር የሚሆነው ዲፕ ሳይክል (በየቀኑ መራገፍን እንዲችል የተሠራ) ወይም ሊትየም ነው።

ባትሪው ትክክለኛ ከሆነ የተደበቀ ጭነት ፈልጉ። አንድ ሐምሌ ሦስት ቀን ለፍቼ ምክንያቱ ጠፋኝ። በአራተኛው ማታ 4 ሰዓት ላይ ሄድኩ። ከኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ እንደ ቤት መብራት ከሚያደርገው ዕቃ) የወጣች ቢጫ ገመድ በጥበቃው ቤት በር ሥር ገብታለች። ጫፏ ላይ የጋለ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ጀበና።

«ጋሼ፣ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ፀሐይዋ የእግዜር አይደለች እንዴ ልጄ? ና ቡና ጠጣ።»

ጠጣሁ። በማግስቱ ለብሎወሩ የራሱን ብሬከር አድርጌ ሳጥኑን ቆለፍኩት። ለጋሼም ትልቅ ፔርሙስ ገዛሁላቸው።

ብሎወሩ ሊነሳ ሲል ኢንቨርተሩ ይጠፋል

ሞተር ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። ፓምፑና ብሎወሩ አንድ ላይ እንዳይነሱ አራርቋቸው። ካልሆነ ሶፍት ስታርተር (ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ ዕቃ) ግጠሙ።

ኤሌክትሪኩ ደህና ነው፣ አየሩ ግን ደካማ ነው

መጀመሪያ የብሎወሩን ፊልተር አውጥታችሁ እዩ፤ የግንባታ አቧራ ይደፍነዋል። ውሃው አንድ ቦታ ብቻ አረፋ እያወጣ ከፈላ ከሥሩ ያለው ዲፊዩዘር (አየሩን በትንንሽ ቀዳዳ የሚበትነው) ተቀዷል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የሚቀረው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ብሎወሩ ለባሕር ዳርቻ በተሠራ ሠንጠረዥ ተመርጦ ከሆነ ጥፋቱ የገዛው ሰው ነው።

ሰማዩ ጠራ፣ ቻርጁ ግን ቀነሰ

ፓኔሉን እጠቡ፤ ሳይግል፣ በጠዋት። ካልተሻለው ጠዋት 3 እና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ ጥላ ፈልጉ። አምና ያልነበረ ፎቅ ዘንድሮ ቆሞ ይሆናል። ፓኔሎቹ በተከታታይ ከተያያዙ አንዱ ላይ ያረፈ ጥላ ሌሎቹንም ይጎትታል። ፎቁን ማፍረስ አይቻልም፤ ጥላ የሚያርፍባቸውን ለይቶ በራሳቸው ኮንትሮለር (የባትሪውን ቻርጅ የሚቆጣጠረው ዕቃ) ማገናኘት ግን ይቻላል።